የፖላንድ ስደተኞች ማኅበራት እንዴት ይህን ያህል ዘመን ሊዘልቁ ቻሉ?

ጥያቄ፦ «ጸሐፊው» (ቺካጎ)

ለተከበራችሁ አንባብያን ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ነዋሪነቴ በቺካጎ ሲሆን፣ እዚህ ያለ አንድ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር የመተዳደሪያ ደንቡን እንዲያሻሽል ከመረጠው ኮሚቴ አባላት አንዱ ነኝ። ደንብ ከባዶ ከመጻፍ ይልቅ ከእኛ ቀድመው በዚህ አገር የተደራጁ ስደተኞች የሄዱበትን መንገድ ማጥናት ይበጃል ብለን በመስማማታችን ሥራውን ተከፋፈልነው፤ ለእኔ የደረሰኝ የፖላንዳውያኑ ታሪክ ነው።

እስካሁን ያነበብኩት ግን ከመልሱ ይልቅ ጥያቄውን አብዝቶብኛል። በ1880 የተመሠረተው የፖላንድ ብሔራዊ ኅብረት ዛሬም ለአባላቱ የሕይወት መድን ይሸጣል። ከእርሱ በ7 ዓመት የሚቀድመው የፖላንድ ሮማ ካቶሊክ ኅብረትም አለ፤ በ1935 የተቋቋመው የፖላንዳውያን ሙዚየም የሚገኘው በዚሁ ኅብረት ሕንፃ ውስጥ ነው። የእነዚያ መሥራቾች የልጅ ልጆች ግን አብዛኞቹ ፖላንድኛ አይናገሩም፤ የአያቶቻቸውን ሰፈር ለቀው በየከተማው ዳርቻ ከሰፈሩም ቆይተዋል። ቋንቋው ከሳሳ፣ ሰፈሩም ከተበተነ፣ ማኅበሩን አጽንቶ ያቆየው ምንድን ነው? ሁለተኛው ጥያቄዬ ደግሞ እነዚህ ማኅበራት ሲጀመሩ የቆሙት ለአባሉ ኑሮ ነበር ወይስ ለአገራቸው ጉዳይ የሚል ነው። በእኛ ዘንድ ሁለቱን በአንድ ደንብ ውስጥ ማስገባት ጭቅጭቅ እያስነሣ ስለሆነ የእነርሱን ልምድ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከአሜሪካ ውጭ ያሉትን የምታውቁ ብትጨምሩበት ደስታውን አልችለውም።

ምላሽ 1፦ «መዝገብ ቤት» (ዲትሮይት)

ወንድሜ ጸሐፊው፣ ጥሩ ነገር አንሥተዋል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስጠቴን በቅድሚያ ይያዙልኝ።

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። በእኔ ግምት መልሱ «መጀመሪያ ቀብር፣ ቀጥሎ አገር» የሚል ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ወደ አሜሪካ የጎረፈው ፖላንዳዊ በአብዛኛው መሬት ያጠረው ገበሬ ነበር። ፖላንድ በ1795 በሩሲያ፣ በፕራሻ (በኋላ የጀርመን አካል በሆነችው) እና በኦስትሪያ መካከል ተከፋፍላ ከካርታ ስለጠፋች፣ ይህ ሰው ሲመጣ የያዘው ወረቀት የሩሲያ፣ የጀርመን ወይም የኦስትሪያ ነበር። ሥራ የሚያገኘውም በቺካጎ ቄራዎች፣ በፒትስበርግ የብረት ማቅለጫዎችና በፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሰው በሥራ ላይ ሲሞት አሠሪው ለቤተሰቡ ካሳ እንዲከፍል የሚያስገድደው ሕግ በየክፍለ ግዛቱ መውጣት የጀመረው በ1910ሩ ዓመታት ነው። ስለዚህ አንድ የከሰል ቆፋሪ ጉድጓድ ተደርምሶበት ሲሞት ሚስቱ ሬሳውን በክብር ለማስቀበር፣ ከዚያም የቤት ኪራይ ለመክፈል የሚያስችል ገንዘብ ከየት ታመጣለች? ማኅበሩ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የእድርን መዋጮ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። አንድ አባል ሲሞት የቀሩት እኩል ያዋጡና የተሰበሰበው ለቤተሰቡ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይህ አሠራር በአሜሪካ በነበሩ መሰል ማኅበራት ሁሉ አንድ ችግር አምጥቶ ነበር፤ ለደንባችሁ ስለሚጠቅም ሰፋ አድርጌ ልግለጸው። የ20 ዓመቱ ወጣትና የ55 ዓመቱ ጎልማሳ እኩል የሚከፍሉ ከሆነ፣ መሥራቾቹ እያረጁ በሄዱ ቁጥር ቀብሩ ይበዛል፣ መዋጮውም ይደጋገማል፤ ይህን የሚያይ ወጣትም «የምከፍለው ለሌላ ሰው አያት ነው» ብሎ መግባቱን ይተወዋል። ወጣት ካልገባ ደግሞ በቀሩት ላይ ሸክሙ ይብስባቸዋል። ብዙ ማኅበራት የተዘጉት በዚህ ምክንያት ነው። የተረፉት መዋጮውን በዕድሜ የለዩት፣ መጠባበቂያ ገንዘብ ያስቀመጡት፣ ሒሳባቸውንም በየክፍለ ግዛቱ የመድን ተቆጣጣሪ ዘንድ ያስመረመሩት ናቸው። እርስዎ «አጽንቶ ያቆየው ምንድን ነው?» ላሉት የመጀመሪያው መልስ ይኸው ይመስለኛል፤ ፖላንድኛ የማይችለው የልጅ ልጅም የመድን ውል አለውና አባል ነው።

አሁን ወደ አገር ጉዳይ ልለፍ። የካቶሊክ ኅብረቱ በ1873 እኔ በምኖርበት በዲትሮይት ሲመሠረት ዓላማው ፖላንዳዊውን በደብሩ ዙሪያ አቅፎ በሃይማኖቱ ማጽናት ነበር። ብሔራዊ ኅብረቱ ግን በ1880 በፊላደልፊያ የተመሠረተው በሌላ መንፈስ ነው። በ1863ቱ ፀረ ሩሲያ አመፅ የተሳተፈውና በስደት ስዊዘርላንድ የነበረው አጋቶን ጊለር ከመመሥረቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአሜሪካ ያለው ሕዝብ ቢደራጅ ለፖላንድ ነጻነት ትልቅ ኃይል እንደሚሆን ጽፎ ነበር፤ መሥራቾቹ የተከተሉት ይህን ምክር ነው። የነጻነት ዓላማ ብቻውን ግን ብዙ ሰው አልሰበሰበም። ድካም ላይ ያለው ሠራተኛ የሚገባው የቀብሩ ገንዘብ ሲጨመርበት ነበር፤ ከገባ በኋላ ነው ጋዜጣው እየደረሰው፣ ስብሰባው ላይ እየተገኘ፣ «እኔ የዚህ መንደር ሰው ነኝ» ይል የነበረው ገበሬ «እኔ ፖላንዳዊ ነኝ» ማለት የጀመረው። ኅብረቱ ጠቅላላ ጉባኤውን «ሴይም» ብሎ በጥንቱ የፖላንድ ምክር ቤት ስም መጥራቱ በዘፈቀደ አይመስለኝም። በአገሩ ድምፅ ያልነበረው ሰው በቺካጎ ተወካይ ሲመርጥ፣ ገንዘብ ያዡን ሲመረምር፣ ቃለ ጉባኤ ሲያጸድቅ ሳስበው እኔን ከሰልፉና ከሰንደቁ ሁሉ የበለጠ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

ሴቶቹ ግን ከዚህ ተገልለው ነበር። ነባሮቹ ማኅበራት ሙሉ አባል አድርገው ስላልተቀበሏቸው ስቴፋኒያ ክሚዬሊንስካ የተባለች ልብስ ሰፊ በ1898 በቺካጎ የፖላንዳውያን ሴቶች ኅብረትን መሠረተች፤ ኅብረቱም የራሱ መድን፣ የራሱ ጋዜጣ ነበረው። ኮሚቴዎ ውስጥ ስንት ሴቶች እንዳሉ አልጠይቅዎትም።

የአንደኛው ዓለም ጦርነት ሲመጣ ለ40 ዓመታት የተገነባው መዋቅር ተፈተነ። «ሶኩው» የሚባሉት የስፖርት ማኅበራት ወጣቱን በጂምናስቲክ ስም ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። በ1917 በፈረንሳይ የፖላንድ ጦር እንዲቋቋም ሲፈቀድ፣ በአሜሪካ ጦር የመመልመል ግዴታ ከሌለባቸው መካከል ከ20,000 በላይ ፈቃደኞች በካናዳ ኒያጋራ ኦን ዘ ሌክ ሠልጥነው ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። በኋላ በጄኔራል ሃለር የተመራው፣ ከደንብ ልብሱ ቀለም የተነሣ «ሰማያዊው ጦር» የተባለው ይህ ነው። ፈቃደኞቹን የመዘገበው፣ ያሳፈረው፣ ስንቅ የሰበሰበላቸው ያው የቀብር መዋጮ የሚሰበስበው መዋቅር ነበር። ስለዚህ የኑሮና የአገር ጉዳይ በአንድ ደንብ ይግባ አይግባ ላሉት፣ በእነርሱ ዘንድ ሁለተኛው በመጀመሪያው ትከሻ ላይ ቆሟል፤ የተገላቢጦሹ ሲሠራ አላየሁም።

በዚያው ዘመን ማብቂያ ላይ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ቶማስና ፖላንዳዊው ፍሎሪያን ዝናኒዬትስኪ ይህን ማኅበረሰብ በሰፊው አጥንተው ያሳተሙት ሥራ ለሶሺዮሎጂ ትምህርት መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። ካዩዋቸው ነገሮች አንዱ፣ ስደተኛው በቀጥታ ወደ አሜሪካዊነት እንደማይዘል፣ ይልቁንም በማኅበራቱ አማካይነት የፖላንድም የአሜሪካም ያልሆነ ሦስተኛ ማኅበረሰብ እንደሚሠራ ነው።

ምላሽ 2፦ «የደብሩ ልጅ» (ሚልዋኪ)

መዝገብ ቤት የጻፉትን በአክብሮት አንብቤ፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። የመድን ማኅበሩን መሠረት አድርገው ደብሩን እንደ ቅጥያ አሳይተውታል። ለአብዛኛው ፖላንዳዊ ነገሩ እንዲህ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ማኅበር ደብሩ ነው። ወንድሜ ጸሐፊው፣ በእርስዎ ከተማ በቺካጎ ያለውን የቅዱስ ስታኒስላውስ ኮስትካ ደብር ይመልከቱ። በ1867 ተመሥርቶ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ወደ 40,000 የሚጠጋ ምእመን ነበረው። ከ1874 እስከ 1899 ያስተዳደሩት አባ ቪንሰንቲ ባርዚንስኪ ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣና የቁጠባ አገልግሎት ጭምር አቋቁመዋል፤ ከብሔራዊ ኅብረቱ ጋርም ዕድሜ ልካቸውን ተሟግተዋል፤ ኅብረቱ ካቶሊክ ያልሆነውንም፣ የሶሻሊዝም አስተሳሰብ ያለውንም ፖላንዳዊ ይቀበል ነበርና። አሁንም በኬኔዲ አውራ ጎዳና ሲያልፉ መንገዱ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርስ እንደሚታጠፍ አስተውለው ይሆናል። ሕንፃው እንዳይፈርስ ማኅበረሰቡ ባደረገው ግፊት የመጣ ነው።

በእኔም ከተማ የቅዱስ ዮሳፋጥ ባዚሊካ አለ። በ1890ዎቹ የሚልዋኪ ፖላንዳውያን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ፈልገው አዲስ ድንጋይ ለመግዛት አቅም ስላጠራቸው፣ ቄሳቸው አባ ግሩትሳ በቺካጎ ሊፈርስ የነበረውን የፌዴራል ፖስታ ቤትና ጉምሩክ ሕንፃ በ20,000 ዶላር ገዙ፤ ድንጋዩ፣ ዓምዱ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር በ500 የባቡር ፉርጎዎች ተጭኖ መጣ። ሥራው በ1901 ሲጠናቀቅ ጉልላቱ በአገሩ ከነበሩት ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። ይሁን እንጂ ደብሩ ተሸክሞት የቀረው ዕዳ እጅግ ከባድ ስለነበር በመጨረሻ የፍራንሲስካን መነኮሳት ተረከቡት። ቤታቸውን አስይዘው ለቤተ ክርስቲያኑ ያበደሩ ምእመናን ነበሩ። ለሕንፃ ያላቸው ፍቅር ከአቅማቸው በላይ እንደነበር አልክድም።

የሚቀጥለው ነጥቤ ለደንባችሁ ጠቃሚ ነው። ድኃው ምእመን ባዋጣው ገንዘብ የተሠራው ሕንፃ በሕግ የማን ነው? በካቶሊክ ሥርዓት ንብረቱ በሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ስም ይመዘገባል፤ ጳጳሳቱ ደግሞ አብዛኞቹ የአየርላንድና የጀርመን ዘር ነበሩ፤ የመጀመሪያው ፖላንዳዊ ጳጳስ ፖል ሮድ የተሾሙት በ1908 ነው። «እኛ ከፍለን ሌላው ያዝዝብናል» የሚለው ቅሬታ በብዙ ከተማ ጠብ ካስነሣ በኋላ፣ በፔንሲልቬንያዋ ስክራንተን ያሉ ምእመናን በ1897 ወጣቱን ቄስ ፍራንቺሼክ ሆዱርን ይዘው ተለዩ፤ የፖላንድ ብሔራዊ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመጣው ከዚያ ነው። የደብሩን ንብረት ምእመናኑ በመረጡት ቦርድ ሥር አደረጉ፤ ሮም በላቲን ስትቀድስ እነርሱ በፖላንድኛ ቀደሱ። በእኛም አብያተ ክርስቲያናት በውጭ አገር በቦርድና በሰበካ መካከል የሚነሣውን ክርክር ለሚያውቅ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ደንባችሁ ሕንፃ ስለመግዛት አንድ ቃል ካለው፣ ንብረቱ በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ ማኅበሩ ቢከፈል ለማን እንደሚሆን ሳትጽፉ እንዳታልፉ አደራ።

ምላሽ 3፦ «ተጓዥ» (ለንደን)

እኔ የምጨምረው የብሪታንያውን ነው፤ መነሻው ከአሜሪካው ፈጽሞ ይለያል። ወደዚህ የመጣው ገበሬ ሳይሆን ወታደር ነበር። በሁለተኛው ዓለም ጦርነት ከብሪታንያ ጎን የተዋጋው የፖላንድ ጦር፣ ከጣልያኑ የሞንቴ ካሲኖ ውጊያ የተረፉትን ጨምሮ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ አገሩ በሶቪየት ኅብረት ቁጥጥር ሥር ወድቃ አገኛት። የብዙዎቹ የትውልድ መንደርም ከነአካቴው ወደ ሶቪየት ግዛት ተካቶ ነበር። የብሪታንያ ምክር ቤት በ1947 የፖላንዳውያን ማቋቋሚያ ሕግ አወጣ፤ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ከ200,000 የማያንሱ ሰዎች ሕጋዊ መኖሪያ አገኙ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የገቡት ጦሩ በለቀቃቸው ሰፈሮች፣ ግማሽ ክብ ጣራ ባላቸው የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ነበር። በእያንዳንዱ ሰፈር ቄስ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የመዘምራን ቡድን፣ የቴአትር ቡድን ተቋቋመ፤ አንዳንዶቹ ሰፈሮች ለዓመታት ቆይተዋል።

እነዚህ ሰዎች ያቋቋሟቸው ማኅበራት ዓላማ ቀብር አልነበረም፤ እንመለሳለን የሚል ተስፋ ነበር። የጦር ጓዶች ማኅበር በየከተማው የራሱን ክበብ ከፈተ። ለንደን ውስጥ ፕሬዚዳንትና ሚኒስትሮች ያሉት የስደት መንግሥት ነበር፤ ከ1945 በኋላ ታላላቆቹ መንግሥታት ዕውቅናቸውን ቢነፍጉትም ለ45 ዓመታት አልተበተነም። ብዙ ሰው ይህን ከንቱ ድካም ይለው ነበር። በታኅሣሥ 1990 ግን የመጨረሻው የስደት ፕሬዚዳንት ሪሻርድ ካቾሮቭስኪ የቅድመ ጦርነቱን የፕሬዚዳንትነት ምልክቶች ይዘው ዋርሶ ገቡና በአገር ቤት ለተመረጡት ፕሬዚዳንት ለሌክ ቫዌንሳ አስረከቡ። እዚህ ላይ ከመዝገብ ቤት ጋር እለያለሁ፤ አገር ብቻ መሠረት የሆነበት ማኅበርም ዘልቋል። የዘለቀው ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው፣ ያውም ከባድ ዋጋ አስከፍሎ፤ በአገራቸው ጄኔራል የነበሩ ሰዎች በለንደን የሆቴልና የመጋዘን ሠራተኛ ሆነው ማታ ማታ የመንግሥት ስብሰባ ይቀመጡ ነበር።

በ1960ዎቹ መመለሱ እንደማይቀርብ ሲገባቸው በምዕራብ ለንደን ሃመርስሚዝ ትልቅ የማኅበረሰብ ማዕከል ለመሥራት ተነሡ፤ አንቀሳቃሹ መሐንዲሱ ሮማን ቫይዳ ነበሩ። ገንዘቡ የመጣው በአብዛኛው ከማኅበረሰቡ ከራሱ ነው። በ1970ዎቹ የተከፈተው ይህ ሕንፃ፣ በምሕጻሩ «ፖስክ» የሚባለው፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቴአትር፣ ምግብ ቤትና ከታች የጃዝ ሙዚቃ ቤት አለው። በሰኔ 2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት በወሰነች በቀናት ውስጥ በበሩ ላይ የስድብ ጽሑፍ ተቀብቶበት ተገኘ፤ ጎረቤቶቹም አበባና የአጋርነት ካርድ እያመጡ ደጃፉን ሞልተውት ነበር።

ምላሽ 4፦ «የራይን ማዶ» (ፍራንክፈርት)

በአጭሩ የጀርመኑን ላስታውስ። በምዕራብ ጀርመን በሩር አካባቢ የከሰል ማዕድን ለመሥራት ከፕራሻ ምሥራቃዊ ግዛቶች የመጡት ፖላንዳውያን በ1902 በቦኹም ከተማ የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር አቋቁመው ነበር። በ1908 የወጣው የማኅበራት ሕግ፣ ከተወሰኑ አካባቢዎች በቀር፣ በሕዝባዊ ስብሰባ ከጀርመንኛ ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ከለከለ። በ1922 የተመሠረተው በጀርመን የፖላንዳውያን ኅብረት ደግሞ በናዚዎች ታግዶ ንብረቱ ተወረሰ፣ መሪዎቹም ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ። በብራዚልም የጌቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት በ1938 ባወጣቸው ድንጋጌዎች በፓራና የነበሩ የፖላንድኛ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የአሜሪካኖቹ ዕድሜ መርዘም በአሠራራቸው ብቃት ብቻ አልመጣም፤ ማኅበር የሚያፈርስ መንግሥት አልገጠማቸውም።

«ጸሐፊው» (ቺካጎ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገብ ቤት፣ ስለ ሴቶች ያነሡትን ለኮሚቴው አንብቤላቸዋለሁ፤ መልሱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። አዲስ መጪዎቹ ነባሮቹ ወደ ሠሩት ቤት ይገባሉ ወይስ የራሳቸውን ይሠራሉ? በእኛ ማኅበር በ1980ዎቹ የመጣውና ዛሬ የሚመጣው ወጣት አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም ማለት ይቻላል።

ምላሽ 5፦ «መዝገብ ቤት» (ዲትሮይት)

በአሜሪካ የነበረውን ልንገርዎት። ከ1944 በኋላ ነባሮቹ ለአዲሶቹ ትልቅ ውለታ ውለዋል። በዚያ ዓመት በቡፋሎ የተመሠረተውና የብሔራዊ ኅብረቱ ፕሬዚዳንት ካሮል ሮዝማሬክ የመሩት የፖላንዳውያን አሜሪካውያን ኮንግረስ ፖላንድን በሶቪየት ተጽዕኖ ሥር ያስቀረውን የ1945ቱን የያልታ ስምምነት ለመቀልበስ ያደረገው ጥረት አልሆነለትም፤ ስደተኞች ወደ አሜሪካ እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ እንዲወጣ ግን ታግሏል። ሕጉ በ1950 ሲሻሻልም ተጓዥ የጠቀሷቸው፣ በብሪታንያ የቀሩ 18,000 የፖላንድ ወታደሮች እንዲገቡ ተፈቅዷል። ሆኖም እነዚህ ከመጡ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ብዙም አልተዋደዱም። የተማረው መኮንን የሠራተኛውን የልጅ ልጅ የተሰባበረ ፖላንድኛ ይንቃል፤ ያኛው ደግሞ «እኛ በላባችን የሠራነውን አዳራሽ መጥቶ ሊመራን ይፈልጋል» ይላል። ብዙዎቹ አዲስ መጪዎች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ።

ከሁሉ የተሳካው ግን በኒው ዮርክ ብሩክሊን፣ ግሪንፖይንት በሚባለው ሰፈር የሆነው ነው። በ1970ዎቹ ባንኮች በዚያ ሰፈር ቤት ለመግዛት ብድር አይሰጡም ነበር። አባ ሎንጊን ቶውቺክ የተባሉ ቄስና አብረዋቸው የነበሩ ስደተኞች በ1976 የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። አበዳሪው የአመልካቹን ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሥራውንና ደብሩን የሚያውቅ ስለነበር፣ እንግሊዝኛ የማይችል የግንባታ ሠራተኛ የሚኖርበትን ቤት ለመግዛት ቻለ። ያ ማኅበር ዛሬ ከ100,000 በላይ አባላት አሉት። በአንጻሩ ብሔራዊ ኅብረቱ በፔንሲልቬንያ ያቋቋመውና በ1912 ፕሬዚዳንት ታፍት በተገኙበት የተመረቀው አላያንስ ኮሌጅ በ1987 ተዘግቷል። የኮሌጁ ዓላማ እጅግ የከበረ ነበር፤ ነገር ግን የልጅ ልጆቹ ሌላ ኮሌጅ መግባት ከቻሉ ቆይተው ነበርና ፈላጊ አጣ። የብድር ማኅበሩን ግን ሌላ የሚተካው አልነበረም።

ምላሽ 6፦ «ተጓዥ» (ለንደን)

የእኛን አገር ልጨምርና ላብቃ። ፖላንድ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን ከነባር አባላቱ ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ወዲያው የሥራ ገበያቸውን ከፈቱ። በ2011ዱ የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ፖላንድ የተወለዱ 579,000 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ዋና ቋንቋዬ ብሎ ባስመዘገበው ሰው ብዛትም ፖላንድኛ በእንግሊዝ ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። ይህ ሁሉ ሰው ወደ ጦር ጓዶች ክበብ አልገባም። በርካሽ አውሮፕላን ለገና አገሩ ደርሶ የሚመለስ ወጣት «የስደት ማኅበር» ምን ያደርግለታል? ሥራና መኖሪያ የሚያፈላልገው በኢንተርኔት ቡድኖች፣ ዜና የሚለዋወጠውም በፖላንድ ምግብ መሸጫ ሱቆች የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር።

ሥራ ያልሰመረላቸው ግን ነበሩ። ለንደን ጎዳና ላይ ለሚያድሩት የደረሰላቸው ባርካ የተባለው፣ በፖላንድ የተመሠረተ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ከ2007 ጀምሮ እዚህ ይሠራል። የድርጅቱ ሠራተኞች ወደ ጎዳና የሚወጡት ሁለት ሁለት ሆነው ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱ ራሱ ቤት አልባና ጠጪ ሆኖ ኖሮ የዳነ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የሚያናግረውም እርሱ ነው። ቤተሰቡ ዘንድ ባዶ እጁን መመለስ የሚያሳፍረውን ሰው እንደዚያ ያለ ሰው ካልሆነ ማን ያሳምነዋል? የማዕከላዊ ለንደን ነባር ማኅበራት ይህን ችግር ለረጅም ጊዜ እንደ ገመና ቆጥረው ከማየት ሸሽተው ነበር፤ በዚህ ላይ ፍርዴ ጠንከር ያለ ነው።

ሁለቱ ትውልዶች በእውነት የተገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የቅዳሜ ትምህርት ቤት ነው። የቀድሞዎቹ ወታደሮች ልጆቻቸውን ቋንቋና ታሪክ ለማስተማር የከፈቷቸው እነዚህ ትምህርት ቤቶች በ1990ዎቹ ተማሪ አጥተው ነበር፤ ከ2004 በኋላ ግን በተራ መመዝገብ እስኪያስፈልግ ሞሉ። ዛሬ ከ100 በላይ ናቸው። አሠራራቸው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ሕንፃ ለቅዳሜ ጠዋት መከራየት ነው፤ ከመምህራኑ ብዙዎቹ በሳምንቱ ሌላ ሥራ ያላቸው እናቶች ናቸው፤ ሲጨርሱም ወንበሩን ወደነበረበት መልሰው፣ ሰሌዳውን አጥፍተው ይወጣሉ። ልጆቹ ቅዳሜያቸውን የሚሰጡበት ተጨባጭ ምክንያት አላቸው፤ ፖላንድኛ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ከሚያገለግሉት አገር አቀፍ ፈተናዎች አንዱ ነውና፣ ቤት ውስጥ የሚናገሩት ቋንቋ ውጤት ሆኖ ይቆጠርላቸዋል። በ2015 ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ከፖላንድኛ ሌላ ቤንጋሊን፣ ፑንጃቢንና ዘመናዊ ዕብራይስጥን ጨምሮ ፈታኞችን ማግኘት ከበደኝ ብሎ ፈተናዎቹን ሊያቋርጥ መሆኑን አስታወቀ። ነባሮቹ የምክር ቤት አባላትን ደጅ የመጥናት ልምድ ነበራቸው፤ አዲሶቹ ደግሞ በሺሕ የሚቆጠር ፊርማ የሚያሰባስቡ ወላጆች ነበሩ፤ ሌሎቹም ማኅበረሰቦች በየበኩላቸው ጮኹ። በ2016 ውሳኔው ተቀለበሰ።

ስለዚህ ወንድሜ ጸሐፊው፣ የእናንተ ወጣትና ሽማግሌ አንድ አዳራሽ ውስጥ ካልተቀመጡ፣ ሁለቱም ለልጆቻቸው የሚፈልጉት ነገር ምን እንደሆነ ጠይቁ። ደንቡ ላይ ስለ ትምህርት የተጻፈ አንቀጽ ካላችሁ ረቂቁን ብታካፍሉን አስተያየት እንሰጣለን።